ኬርሴቲን በቤተ ሙከራ፦ የምናየው ውጤት የሕዋሱ ምላሽ ነው ወይስ የውሁዱ ጠባይ?

ሃለኮ (ጥያቄ አቅራቢ)

ለመድረኩ አባላት ሰላምታዬን አቀርባለሁ። የባዮኬሚስትሪ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ስሆን የመመረቂያ ጥናቴ በኮንሶና በአካባቢው እንደ ጎመን ተቀቅሎ በሚበላው የሽፈራው ቅጠል (ሞሪንጋ ስቴኖፔታላ) ውስጥ በሚገኙ ፍላቮኖይዶች (በዕፅዋት ውስጥ የሚገኙ የውሁዶች ቤተሰብ) ላይ ያተኮረ ነው። እንደ አብዛኛው ተማሪ እኔም ለማነጻጸሪያነት የመረጥኩት በሽንኩርትና በሌሎች ዕፅዋት የሚገኘውን ፍላቮኖይድ፣ ንጹሕ ኬርሴቲንን ነው። ጸረ ኦክሳይድ ኃይልን በሚለካው በዲ.ፒ.ፒ.ኤች ሙከራ ላይ ምንም አላስቸገረኝም፤ ሐምራዊው ቀለም በ517 ናኖሜትር ሲለካ የኬርሴቲኑ መጠን በጨመረ ቁጥር በሥርዓት እየቀነሰ ሄዷል።

ግራ ያጋባኝ የሕዋስ ሙከራው ነው። ሕዋሳቱን በ50 እና በ100 ማይክሮሞላር ኬርሴቲን ለ24 ሰዓት አቆይቼ ሕያዋን ሕዋሳትን በቀለም ለውጥ በሚለካው በኤም.ቲ.ቲ ዘዴ ስለካ፣ የሕያዋን ሕዋሳት ብዛት ምንም ካልተጨመረባቸው የሙከራ ፕሌቱ ጉድጓዶች በልጦ ተገኘ። በማይክሮስኮፕ ስመለከት ግን እነዚሁ ሕዋሳት ክብ ሆነው፣ ከፕሌቱ ወለል ተላቀው ይታያሉ። ከዚህ ሌላ፣ በሕዋስ ማሳደጊያው ፈሳሽ ውስጥ የበጠበጥኩት ኬርሴቲን በማግስቱ ከቢጫነት ወደ ቡናማነት ተለውጦ አገኘሁት። ማሽኑ ይዋሻል ወይስ ዓይኔ? በዚህ ውሁድ ላይ የሠራችሁ ካላችሁ ልምዳችሁን ብታካፍሉኝ እጅግ አመሰግናለሁ።

ሞለኪውል

ዓይንዎን ይመኑ። ያዩት ነገር በዚህ ዘርፍ በሚገባ የታወቀ ነው፤ ሆኖም ብዙ ተማሪዎች ሳይነገራቸው ስለሚያልፍ በዝርዝር ለመጻፍ እሞክራለሁ።

ኬርሴቲን ሁለት የቤንዚን ቀለበቶችን በኦክስጅን ባለው ሦስተኛ ቀለበት ያገናኘ፣ አምስት የሃይድሮክሲል ቡድኖች ያሉት ውሁድ ነው። ከአምስቱ ሁለቱ በአንደኛው የጎን ቀለበት ላይ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሲሆን ይህ አቀማመጥ ካቴኮል ይባላል። ካቴኮል ኤሌክትሮን ለመስጠት ወደ ኋላ አይልም። ለፍሪ ራዲካል (ኤሌክትሮን ለጎደለው ያልተረጋጋ ሞለኪውል) እንደሚሰጥ ሁሉ ለኤም.ቲ.ቲም ይሰጣል። ኤም.ቲ.ቲ የሚባለው ቢጫ ቀለም ወደ ሐምራዊ ፎርማዛን የሚለወጠው ኤሌክትሮን ሲያገኝ ነው፤ እኛ ያንን ኤሌክትሮን የሚሰጡት በሕይወት ያሉ ሕዋሳት ኢንዛይሞች ብቻ እንደሆኑ አድርገን እናስባለን፤ ኬርሴቲን ግን አንድም ሕዋስ በሌለበት ጉድጓድ ውስጥ ራሱ ያንኑ ለውጥ ያመጣል። ስለዚህ በ100 ማይክሮሞላር ያገኙት ከፍተኛ ንባብ የሕዋሳት መብዛት ሳይሆን ኬርሴቲኑና ኤም.ቲ.ቲው በቀጥታ ተገናኝተው የፈጠሩት ቀለም ሊሆን ይችላል። ይህን ለማረጋገጥ ሕዋስ የሌለባቸው፣ ማሳደጊያ ፈሳሽና ኬርሴቲን ብቻ የያዙ ጉድጓዶችን በእያንዳንዱ የመጠን ደረጃ ያዘጋጁና ኤም.ቲ.ቲ ጨምረው ይለኩ። እነዚያ ጉድጓዶች ሐምራዊ ከሆኑ መልሱን አገኙ ማለት ነው። ኤም.ቲ.ቲ ከመጨመርዎ በፊት ኬርሴቲን ያለበትን ፈሳሽ አስወግዶ ሕዋሳቱን በፎስፌት ባፈር ማጠብ ችግሩን ይቀንሰዋል፤ ነገር ግን የተላቀቁት ሕዋሳት አብረው ታጥበው እንደሚሄዱ አይዘንጉ። እኔ ብሆን ኤሌክትሮን በመቀባበል ላይ ያልተመሠረተ ሌላ መለኪያ፣ ለምሳሌ የፕሮቲን መጠንን በሰልፎሮዳሚን ቢ ማቅለም ወይም በትሪፓን ብሉ መቁጠር፣ ጎን ለጎን እጠቀም ነበር።

ወደ ቡናማው ቀለም ልምጣ። ኬርሴቲን በአሲዳማ ፈሳሽ ውስጥ ደኅና ይቆያል፤ በፒ.ኤች 7.4 እና ከዚያ በላይ ግን በአየር ውስጥ ባለው ኦክስጅን እየተቃጠለ ይፈርሳል። የሕዋስ ማሳደጊያ ፈሳሾች ባይካርቦኔት ስላላቸውና ጥቃቅን የብረት አዮኖችም ስለማይጠፉባቸው ለዚህ ሂደት የተመቻቹ ናቸው። በሂደቱ ውስጥ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ይፈጠራል። እንግዲህ ሕዋሳትዎ የተላቀቁት ኬርሴቲኑ ራሱ አንድን ኢንዛይም ስላገደ ነው ወይስ ፈሳሹ ውስጥ በተፈጠረው ፐርኦክሳይድ ተቃጥለው ነው? ለጥናትዎ ዋናው ጥያቄ ይህ ነው። የሚፈተንበት መንገድ ደግሞ ቀላል ነው፤ ፐርኦክሳይድን የሚያፈርሰው ካታሌዝ ኢንዛይም የተጨመረባቸውና ያልተጨመረባቸው ጉድጓዶችን ማነጻጸር ነው። ካታሌዝ ሲኖር ሕዋሳቱ ከዳኑ ገዳዩ ፐርኦክሳይዱ ነበር። የማሳደጊያ ፈሳሽዎ ሶዲየም ፓይሩቬት ይኑረው አይኑረውም በጠርሙሱ ላይ ይመልከቱ፤ ፓይሩቬት ፐርኦክሳይድን ስለሚያጠፋ ፓይሩቬት ያለውንና የሌለውን ፈሳሽ የተጠቀሙ ሁለት ቤተ ሙከራዎች በአንድ ዓይነት ሕዋስ ላይ እንኳ ተቃራኒ ውጤት ሊያገኙ ይችላሉ።

መድኃኒት ቀማሚ

ከላይ የተጻፈው ሁሉ ትክክል ነው። እኔ ከሚዛኑና ከማሟሟቱ ልጀምር፤ ምክንያቱም ብዙ ጥፋት የሚጀምረው ከዚያ ነው።

በመጀመሪያ የገዙትን ጠርሙስ መለያ ጽሑፍ በጥንቃቄ ያንብቡ። ውኃ አልባው ኬርሴቲን የሞላር ክብደቱ 302.24 ግራም ሲሆን በብዛት የሚሸጠው ዳይሃይድሬት ግን ሁለት የውኃ ሞለኪውሎችን ስለሚይዝ 338.27 ግራም ነው። 10 ሚሊሊትር የ10 ሚሊሞላር መፍትሔ ለማዘጋጀት ከመጀመሪያው 30.2 ሚሊግራም፣ ከሁለተኛው ደግሞ 33.8 ሚሊግራም ይመዘናል። ዳይሃይድሬቱን ይዞ በመጀመሪያው ቁጥር የመዘነ ሰው መፍትሔው ካሰበው በ11 በመቶ ገደማ የቀጠነ ይሆንበታል፤ ከዚያ በኋላ የሚያሰላው ሁሉ ያንን ጉድለት ተሸክሞ ይሄዳል።

ኬርሴቲን በውኃ ውስጥ የሚሟሟው እጅግ በጥቂቱ ስለሆነ ዲ.ኤም.ኤስ.ኦ በተባለው አሟሚ ፈሳሽ ያሟሙት። ዲ.ኤም.ኤስ.ኦ በሕዋሳቱ ላይ ካለው ፈሳሽ ከ0.1 በመቶ እንዳይበልጥ ከፈለጉ ደግሞ ለ50 ማይክሮሞላር ሙከራ የሚያስፈልግዎ ዋና መፍትሔ 50 ሚሊሞላር ነው። ያንን በትናንሽ ቱቦዎች አከፋፍለው፣ በአሉሚኒየም ወረቀት ሸፍነው፣ በ20 ዲግሪ ከዜሮ በታች ያስቀምጡ፤ አንድን ቱቦ ደጋግሞ ማቅለጥና ማቀዝቀዝ አይመከርም። በማሳደጊያ ፈሳሽ የተበጠበጠው ግን የዚያው ሰዓት ሥራ ነው፤ ማደር የለበትም።

አንድ ነገር ልጨምር። በዲ.ኤም.ኤስ.ኦ የተሟሟ ኬርሴቲን በድንገት ወደ ውኃማ ፈሳሽ ሲገባ፣ መጠኑ ከፍ ያለ እንደሆነ በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ክምችቶችን ይፈጥራል። እነዚህ ክምችቶች የፕሮቲን ሞለኪውሎችን በላያቸው ላይ ይለጥፋሉ፤ በዚህም ምክንያት ከኬርሴቲን ጋር ምንም ዝምድና የሌለው ኢንዛይም እንኳ ሥራውን ያቆማል። አሜሪካዊው ብራያን ሾይኬትና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ ይህን ክስተት ሲያጠኑ ኬርሴቲን ከተገኙት ክምችት ፈጣሪዎች አንዱ ነበር። ለኢንዛይም ሙከራ ማጣሪያው ቀላል ነው፤ 0.01 በመቶ ትሪቶን ኤክስ-100 ጨምረው ይድገሙት። በዚህች ጥቂት ሳሙና ማገዱ ከጠፋ፣ ያ ማገድ የክምችቱ እንጂ የኬርሴቲን ሞለኪውል ከኢንዛይሙ ጋር ተገጣጥሞ ያመጣው አልነበረም። ሕዋስ ላይ ግን ትሪቶንን አይሞክሩት፤ ሽፋናቸውን ያፈርሰዋል።

ጤናአዳም

ውይይቱን በአድናቆት እየተከታተልኩ ነው፤ ነገር ግን አንድ ነገር ከበደኝ። በየመጽሔቱ ኬርሴቲን ብግነትን ይቀንሳል፣ የካንሰር ሕዋሳትን ያጠፋል፣ ቫይረስን ይከላከላል እየተባለ የወጣው ጥናት ስፍር ቁጥር የለውም። ይህ ሁሉ የቀለም ስሕተትና የፐርኦክሳይድ ውጤት ነው ማለታችሁ ነው? እንዲህ ከሆነ በአገራችን ዕፅዋት ላይ የሚደረገው ምርምር ሁሉ ከንቱ ሊባል ነው። እኔ በግሌ ይህን ለመቀበል እቸገራለሁ።

ሞለኪውል

ከንቱ አላልንም፤ ተገቢ ጥያቄ ስለሆነም ተገቢ መልስ ይገባዋል።

ኬርሴቲን እውነተኛ ዒላማዎች አሉት። ፒ.አይ.3-ካይኔዝ የተባለውን፣ ሕዋሳት እንዲያድጉና እንዲቆዩ ትእዛዝ የሚያስተላልፍ ኢንዛይም በጥቂት ማይክሮሞላር ያግዳል። የመድኃኒት አምራቹ የኤሊ ሊሊ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1994 ኤል.ዋይ 294002 የተባለውን አጋጅ ይፋ ሲያደርጉ የተነሡት ከኬርሴቲን መዋቅር ነበር፤ ካቴኮሉን አስወግደው፣ ሌላ ቡድን ተክተው፣ የተሻለ መሣሪያ ሠሩ። ያ ውሁድ ለብዙ ዓመታት በየቤተ ሙከራው ሲያገለግል ኖሯል፤ እሱም ራሱ ሌሎች ኢንዛይሞችን እንደሚነካ የታወቀው ቆይቶ ነው። ለእኔ የዚህ ፍላቮኖይድ ትልቁ ጥቅም እዚህ ላይ ነው፤ ኬርሴቲን የሚያስተምር መነሻ ሞለኪውል ነው። ጆናታን ቤልና ጆርጂና ሆሎዌይ እ.ኤ.አ. በ2010 በየሙከራው «አዎንታዊ» እየሆኑ የሚያሳስቱ የመዋቅር ዓይነቶችን ሲዘረዝሩ ካቴኮልን ማካተታቸውም ተመራማሪው ዓይኑን እንዲከፍት እንጂ ዕፅዋትን እንዲተው አይደለም።

በሰው ላይ የተገኘም ማስረጃ አለ። እ.ኤ.አ. በ2007 በአሜሪካ በዩታ የወጣ አንድ ጥናት የደም ግፊታቸው ከፍ ላለ ሰዎች በቀን 730 ሚሊግራም ኬርሴቲን ለ28 ቀናት ሰጥቶ፣ የላይኛው ግፊት በ7፣ የታችኛው በ5 ሚሊሜትር ሜርኩሪ እንደቀነሰ አሳይቷል። በጥናቱ ውስጥ እጅግ የሚያስደንቀኝ ግን ሌላው ግኝት ነው። በደምና በሽንት የተለኩት የኦክሲዴሽን ጉዳት ምልክቶች አልተለወጡም። ግፊቱ ቀነሰ፤ ሁላችንም በዲ.ፒ.ፒ.ኤች የምንለካው «ጸረ ኦክሳይድ» ኃይል ግን በሰውነት ውስጥ አልታየም። እንግዲህ የቱቦው ሙከራ ለሰውነቱ ሥራ ማብራሪያ ሊሆን አልቻለም ማለት ነው፤ ዲ.ፒ.ፒ.ኤች ራሱ በሰው ሠራሽ መንገድ የተፈጠረና በሰውነታችን ውስጥ የሌለ ራዲካል መሆኑንም ማስታወስ ያስፈልጋል።

ይህ የሆነው ለምንድን ነው ቢሉ፣ ኬርሴቲን ከአንጀት አልፎ ደም ውስጥ የሚገባው ልብሱን ለውጦ ስለሆነ ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣ ጥናት ለሰዎች 4 ግራም ንጹሕ ኬርሴቲን በአፍ ሰጥቶ፣ ያልተለወጠውን ኬርሴቲን በደማቸው ውስጥ ሊያገኝ አልቻለም። የአንጀት ግድግዳና ጉበት ግሉኩሮናይድ፣ ሰልፌት ወይም ሜቲል ይለጥፉበታል፤ በደም የሚዘዋወረውም በዋናነት እነዚህ ናቸው፤ መጠናቸውም ብዙውን ጊዜ ከጥቂት ማይክሮሞላር አይዘልም። ስለዚህ 100 ማይክሮሞላር ንጹሕ ኬርሴቲን ያፈሰስንበት የካንሰር ሕዋስ ቢሞት፣ ሽንኩርት በልቶ ወይም እንክብል ውጦ ማንም ሰው ሊያገኘው የማይችለውን ሁኔታ ነው የፈጠርነው። ይህን በጽሑፋችን ውይይት ክፍል ላይ በግልጽ ማስፈር ለአንባቢው ያለብን ግዴታ ይመስለኛል።

ጤናአዳም

አመሰግናለሁ፤ የደም ግፊቱን ጥናት እንዲህ ተገናዝቦ ሲቀርብ አላየሁም ነበር። እንግዲያው ሽንኩርት መብላትና እንክብል መዋጥ ልዩነት አላቸው?

መድኃኒት ቀማሚ

አላቸው። የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1995 ትልቁ አንጀታቸው በቀዶ ሕክምና በተወገደ ፈቃደኞች ላይ ባደረጉት ጥናት፣ በሽንኩርት ውስጥ ያለው ከግሉኮስ ጋር የተጣመረው ኬርሴቲን 52 በመቶ ያህል ሲመጠጥ፣ ንጹሑ 24 በመቶ፣ ሩቲን (ከሌላ ስኳር ጋር የተጣመረው ኬርሴቲን) ደግሞ 17 በመቶ ብቻ ተመጥጧል። በተፈጥሮ ከስኳር ጋር ተጣምሮ የሚገኘው ተነጥሎ ከተጣራው በልጦ መገኘቱ በጊዜው ብዙዎችን አስገርሟል። የቀይ ሽንኩርት ኬርሴቲን በብዛት ያለው በውጪዎቹ ሽፋኖች ላይ ስለሆነ፣ ሲልጡ ሦስትና አራት ሽፋን አውጥተው የሚጥሉ ሰዎች ዋናውን ክፍል ነው የሚጥሉት። ሲቀቀል ከፊሉ ወደ ውኃው ይወጣል፤ እኛ ግን ሽንኩርቱን ከነውኃው አቁላልተን ወጡ ውስጥ ስለምናስቀረው ይህ ብዙም አያሳስብም።

እናት ጠያቂ

ይቅርታ፣ የሙያ ውይይታችሁን ላቋርጥ። የምኖረው ሜሪላንድ ሲሆን እዚህ የኬርሴቲን እንክብል 500 ሚሊግራሙ ያለ ሐኪም ትእዛዝ በየመደብሩ ይሸጣል። አዲስ አበባ ያሉት እናቴ የደም ማቅጠኛ ዋርፋሪን ይወስዳሉ፤ የደም ግፊትም አለባቸው። አንድ ዘመዳችን «የሽንኩርት ፍሬ ነገር ስለሆነ አይጎዳም» ብሎ እንድልክላቸው ይወተውተኛል። ልላክ ወይስ ልተው?

መድኃኒት ቀማሚ

እህቴ፣ የሚከታተሏቸው ሐኪም ሳያውቁና ሳይፈቅዱ አይላኩ። ምክንያቱን ላስረዳዎት። ዋርፋሪን በደም ውስጥ አልቡሚን ከተባለው ፕሮቲን ጋር ተጣብቆ የሚጓዝ መድኃኒት ነው፤ ኬርሴቲንም ከዚሁ ፕሮቲን ጋር አጥብቆ ይያያዛል። በተጨማሪም በቤተ ሙከራ ሲታይ መድኃኒቶችን የሚያፈርሱ የጉበት ኢንዛይሞችንና መድኃኒትን ከሕዋስ የሚያስወጡ ፓምፖችን ይነካል። ዋርፋሪን ደግሞ መጠኑ ጥቂት ከፍ ቢል ደም የሚያፈስ፣ ጥቂት ዝቅ ቢል ደም እንዲረጋ የሚተው በመሆኑ በየጊዜው በደም ምርመራ የሚስተካከል መድኃኒት ነው። እንዲህ ባለ ሰው ላይ አዲስ ነገር መጨመር ያለ ክትትል አይሞከርም።

«የምግብ ፍሬ ነገር ስለሆነ አይጎዳም» የሚለው አባባልም ትክክል አይደለም። አንድ ሰው ከምግቡ በቀን የሚያገኘው ኬርሴቲን በአብዛኛው በአሥር ቤት በሚቆጠር ሚሊግራም ሲሆን አንዲት እንክብል 500 ትይዛለች። ኬርሴቲን በባክቴሪያ ላይ በሚደረገው የኤምስ ሙከራ የዘር ቅንጣትን የመለወጥ ጠባይ አሳይቷል፤ በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1992 ይፋ በሆነው ጥናትም ከፍተኛ መጠን በተሰጣቸው ወንድ አይጦች ኩላሊት ላይ ዕጢ ታይቷል። የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1999 መረጃውን መርምሮ በሰው ላይ ካንሰር ያመጣል ወይም አያመጣም ብሎ ለመመደብ በማያስችለው በሦስተኛው ምድብ አስቀምጦታል። እናትዎ የሚበሉትን ወጥ ይብሉ፤ እንክብሉ ግን ይቅር።

እናት ጠያቂ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አልልክም፤ ለሐኪሙም አስቀድሜ እነግረዋለሁ።

ሃለኮ

ከጠበቅሁት በላይ ተምሬአለሁ። የመጨረሻ ጥያቄ ላንሣ። የቅጠሉን ጠቅላላ ፍላቮኖይድ በአሉሚኒየም ክሎራይድ ዘዴ በ415 ናኖሜትር ለክቼ ውጤቱን «የኬርሴቲን አቻ ሚሊግራም በግራም ደረቅ ቅጠል» ብዬ ነው የጻፍኩት። በሽፈራው ቅጠል ውስጥ ዋናው ፍላቮኖይድ ሩቲን መሆኑ ተደጋግሞ ስለተዘገበ ይህ አገላለጽ ያስኬዳል ብላችሁ ታምናላችሁ?

ሞለኪውል

ያስኬዳል፤ ነገር ግን ምን እንደሚያስቀር ማወቅ ያስፈልጋል። አሉሚኒየም ቢጫ ውህደት የሚፈጥረው በመካከለኛው ቀለበት ላይ ካለው ኬቶንና ከአጠገቡ ካለ ሃይድሮክሲል፣ እንዲሁም ከካቴኮል ጋር ነው። በመሆኑም ፍላቮኖሎችና ፍላቮኖች በሚገባ ሲታዩ፣ ካቴኪንን የመሳሰሉት ኬቶን የሌላቸው ፍላቮኖይዶች በዚህ የሞገድ ርዝመት አይታዩም ማለት ይቻላል። «ጠቅላላ» የሚለው ቃል ከእውነቱ ይሰፋል።

ሩቲንን በተመለከተ፣ ክብደቱ 610.5 ስለሆነ አንድ ሚሊግራም ሩቲን ውስጥ ያለው ኬርሴቲን ከግማሽ ሚሊግራም ጥቂት ያነሰ ነው። በተጨማሪም ስኳሩ የተጣበቀበት ቦታ ለአሉሚኒየሙ ከሚያገለግሉት ሃይድሮክሲሎች አንዱ ስለሆነ የሚፈጠረው ቀለም ከኬርሴቲኑ ጋር አንድ አይደለም። ስለዚህ በኬርሴቲን ማነጻጸሪያ መስመር የተሰላ የሩቲን መጠን እውነተኛ ክብደቱን አይነግርዎትም። ሁለት መንገድ አለዎት። አንደኛው የማነጻጸሪያ መስመሩን በሩቲን መሥራትና ውጤቱን በሩቲን አቻ መጻፍ ነው፤ ለእርስዎ ቅጠል የሚስማማውም ይህ ነው። ሁለተኛው፣ ውሁዶችን ለያይቶ የሚለካውን ኤች.ፒ.ኤል.ሲ የሚያገኙ ከሆነ፣ ናሙናውን 1.2 ሞላር ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ባለው 50 በመቶ ሜታኖል በ90 ዲግሪ ለሁለት ሰዓት አፍልተው ስኳሩን ማላቀቅና የተገኘውን ኬርሴቲን በ370 ናኖሜትር መለካት ነው።

የቅጠል ጭማቂው የራሱ አረንጓዴና ቢጫ ቀለም ስላለው ለእያንዳንዱ ናሙና አሉሚኒየም ክሎራይድ ያልተጨመረበት ባዶ ማነጻጸሪያ ያዘጋጁና ከንባቡ ይቀንሱ፤ በብዙ የመመረቂያ ጽሑፎች ላይ ይህ ሲዘለል አያለሁ።

ሃለኮ

ተረድቻለሁ። የሚቀጥለው ፕሌቴ እንዲህ ይሆናል፦ በእያንዳንዱ መጠን ሕዋስ ያለበትና የሌለበት ረድፍ፤ ካታሌዝ ያለበትና የሌለበት ረድፍ፤ 0.1 በመቶ ዲ.ኤም.ኤስ.ኦ ብቻ የገባበት ረድፍ፤ መጠኖቹም ከ1 እስከ 50 ማይክሮሞላር። የማሳደጊያ ፈሳሼን መለያ አየሁት፤ ሶዲየም ፓይሩቬት አለበት። ጠርሙሱ ላይ የተጻፈው ኬርሴቲንም ዳይሃይድሬት ነው።

መድኃኒት ቀማሚ

እንግዲያው ስሌትዎን በ338.27 ይሥሩ። ከካታሌዙ ጎን ለጎን በሙቀት ሥራ እንዲያቆም የተደረገ ካታሌዝ የገባበት ረድፍም ይጨምሩ፤ አለበለዚያ ገምጋሚዎ ሕዋሳቱን ያዳናቸው ኢንዛይሙ ነው ወይስ ማንኛውም የተጨመረ ፕሮቲን ኬርሴቲኑን ስለያዘው ነው ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ከተቻለም ፓይሩቬት የሌለበትን ፈሳሽ ፈልገው አንድ ፕሌት በዚያ ይድገሙና ውጤቱን እዚሁ ያካፍሉን።

ሃለኮ

እሺ፣ አደርገዋለሁ። ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ።